ትሬዶቹ የሚጠብቁት ቁልፉን ነው ወይስ ኮኔክሽኑን? በዳታቤዝ ላይብረሪ ውስጥ ላለ የሎክ ሽሚያ የመፍትሔ አማራጮች ንጽጽር

በብዙ ትሬዶች፣ ማለትም በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን በሚሄዱ የሥራ ክሮች፣ የሚሠራ ፕሮግራም ጭነት ሲበዛበት አንዳንድ ጊዜ ግራ የሚያጋባ ጠባይ ያሳያል። የሰርቨሩ ፕሮሰሰር ግማሽ ያህል እንኳ አልተያዘም፤ ዳታቤዙም ያለ ብዙ ሥራ ተቀምጧል፤ የተጠቃሚዎች ጥያቄ ግን ይዘገያል። እንዲህ ባለ ጊዜ መመርመር ያለበት በሁለቱ መካከል ያለው የዳታቤዝ ላይብረሪ፣ ማለትም ከዳታቤዙ ጋር የሚነጋገረው ድራይቨርና የተከፈቱ ኮኔክሽኖችን (ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኙ መስመሮችን) ለትሬዶች የሚያውሰው የኮኔክሽን ፑል ነው። ትሬዶች አንድን ሎክ፣ ማለትም በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ የሚይዘውን ቁልፍ፣ ለመያዝ ሲሻሙ፣ አንዱ ይዞ ሌሎቹ ቆመው ሲጠብቁ፣ ሥራው ሁሉ በአንድ ቀጭን በር እንደሚያልፍ ሕዝብ ይሆናል። ይህ መመሪያ ለዚህ ችግር የሚቀርቡትን አማራጮች ያነጻጽራል። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከጃቫ የተወሰዱ ናቸው፤ በጃቫ ዓለም የተለያዩ ፑሎች ለረጅም ዓመታት ጎን ለጎን ስለኖሩ ልዩነታቸው በግልጽ ይታያል።

አማራጮቹን ሁሉ የምመዝንበት ጥያቄ አንድ ነው፤ ትሬዱ ሎኩን እንደያዘ ምን ይሠራል? ሎክ በራሱ ውድ ነገር አይደለም። ማንም የማይሻማበትን ሎክ ይዞ ለመልቀቅ የሚፈጀው ጊዜ በአሥሮች የሚቆጠር ናኖሰከንድ ነው። በአንድ የዳታ ማዕከል ውስጥ ካለ ሌላ ማሽን ጋር በኔትወርክ ተነጋግሮ ለመመለስ ግን ግማሽ ሚሊሰከንድ፣ ማለትም 500,000 ናኖሰከንድ ያህል ያስፈልጋል። ስለዚህ ሎኩን ይዞ አንድ ቁጥር ለውጦ የሚለቅ ላይብረሪና ሎኩን እንደያዘ የዳታቤዙን መልስ የሚጠብቅ ላይብረሪ፣ ሁለቱም ሎክ ይጠቀማሉ ቢባልም በመካከላቸው ያለው ርቀት በብዙ ሺህ እጥፍ የሚለካ ነው። በኮዱ ውስጥ ስንት ሎኮች እንዳሉ በመቁጠር ብቻ ላይብረሪ የሚመርጥ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ምክንያት ነው።

አስቀድሞ ሁለቱን ወረፋዎች መለየት

አንድ የሰፈር ቦኖ ስድስት የውኃ ቧንቧዎች አሉት እንበል፤ በግቢው መግቢያ ላይም ተራ የሚያስይዝ አንድ ዘበኛ አለ። ሰው ጀሪካኑን ይዞ ደጅ ላይ የቆመው ስድስቱም ቧንቧዎች ስለተያዙ ከሆነ፣ ዘበኛውን ፈጣን በሆነ ሌላ ዘበኛ መተካት ምንም አይለውጥም። ቧንቧዎቹ ባዶ ሆነው ሰው በዘበኛው ፊት ከተጨናነቀ ደግሞ፣ ሰባተኛ ቧንቧ መጨመር የሚጠቅም ነገር የለውም። ቧንቧዎቹ ኮኔክሽኖቹ ናቸው፤ ዘበኛው የፑሉ ሎክ ነው። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሁለቱ ሰልፎች አንድ ይመስላሉ፤ መፍትሔያቸው ግን ተቃራኒ ሊሆን ይችላል።

በጃቫ ልዩነቱን ለማየት ጄስታክ በሚባለው መሣሪያ የትሬዶቹን ሁኔታ በጥቂት ሰከንዶች ልዩነት ሦስት ጊዜ ያህል መቅዳት ይበቃል። ብዙ ትሬዶች «ብሎክድ» በሚል ሁኔታ ላይ ሆነው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት አድራሻ ያለውን ሎክ እንደሚጠብቁ ከተጻፈ፣ እውነተኛ ሽሚያ አለ ማለት ነው። ከዚያ ያንን ሎክ የያዘውን ትሬድ ፈልጎ ምን እየሠራ እንደሆነ ማንበብ ይገባል፤ ምርመራው ፍሬ የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው። ሎኩን የያዘው ትሬድ ከሶኬት (ከኔትወርኩ መገናኛ) እያነበበ ከሆነ፣ ሎኩ በኔትወርክ ጉዞ ላይ ሁሉ ተይዟል ማለት ነው። ትሬዶቹ «ዌይቲንግ» ወይም «ታይምድ ዌይቲንግ» በሚል ሁኔታ በፑሉ የኮኔክሽን መጠየቂያ ውስጥ ከቆሙ ግን፣ ብዙውን ጊዜ የጎደለው ነጻ ኮኔክሽን ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሪኤንትራንትሎክ የተባለውን የጃቫ ሎክ የሚጠብቅ ትሬድም «ዌይቲንግ» ተብሎ ስለሚጻፍ፣ የሁኔታውን ስም ብቻ ሳይሆን ከሥሩ የተዘረዘሩትን የኮድ መስመሮች ማንበብ ግድ ነው። የጃቫ ፍላይት ሪኮርደርም በሎክ ላይ የተጠበቀውን ጊዜ ይመዘግባል፤ በመደበኛ ቅንብሩ ግን ከ20 ሚሊሰከንድ ያነሰውን መጠበቅ አይጽፍም፤ ስለዚህ አጫጭር ሆነው በብዛት የሚደጋገሙ ሽሚያዎችን ለማየት ገደቡን ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል።

ሁልጊዜም ጥፋተኛው የዳታቤዙ ላይብረሪ ላይሆን ይችላል። ሎግፎርጄ 1 የተባለው አሮጌው የሎግ ላይብረሪ እያንዳንዱን መልእክት ሲጽፍ ሎክ ይይዝ ስለነበር፣ ድራይቨሩ ብዙ ሎግ እንዲጽፍ በተደረገባቸው ሥርዓቶች ላይ የድራይቨር ችግር መስሎ የሚታየው ሽሚያ ከሎጉ የሚመጣበት ጊዜ ነበር።

አንድ ኮኔክሽን ለሁሉም ትሬድ

ቀላሉ አማራጭ አንድ ኮኔክሽን ከፍቶ ሁሉም ትሬድ በሎክ እየተፈራረቀ እንዲጠቀምበት ማድረግ ነው። አንዳንድ ላይብረሪዎች ይህን ራሳቸው ያከናውናሉ። የፓይተን የዳታቤዝ ስምምነት ላይብረሪዎችን ከ0 እስከ 3 ባለው የትሬድ ደኅንነት ደረጃ ይመድባቸዋል፤ ሳይኮፒጂ2 ደረጃ 2 ስለሆነ ትሬዶች ኮኔክሽን መጋራት ይችላሉ፤ ፓይማይኤስኪውኤል ደግሞ ደረጃ 1 ስለሆነ አይችሉም። የፖስትግሬስ ዳታቤዝ መሠረታዊ የሲ ላይብረሪ የሆነው ሊብፒኪው ሁለት ትሬዶች አንዱን ኮኔክሽን በአንድ ጊዜ እንዳይነኩ የመጠበቁን ኃላፊነት ለፕሮግራመሩ ይተወዋል።

ከላይ ባስቀመጥነው ጥያቄ ሲመዘን ይህ አማራጭ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ሎኩ የሚያዘው ጥያቄው ከተላከበት እስከ መልሱ መምጣት ድረስ ነው። አንድ ጥያቄ 5 ሚሊሰከንድ የሚፈጅ ከሆነ፣ ትሬዶቹ ሁለትም ሆኑ ሁለት መቶ፣ በሰከንድ ከ200 ጥያቄ በላይ አያልፍም። ከዚህም የሚብስ አደጋ አለ። ትራንዛክሽን፣ ማለትም በአንድነት የሚጸድቅ ወይም የሚሰረዝ የሥራ ጥቅል፣ የኮኔክሽኑ እንጂ የትሬዱ ስላልሆነ፣ አንዱ ትሬድ «ኮሚት» ሲል የሌላውን ግማሽ ሥራ አብሮ ሊያጸድቅ ይችላል። መዘግየት ይታያል፣ ይለካል፤ እንዲህ ያለው የመረጃ መበላሸት ግን ለወራት ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። ይህን አማራጭ የምመክረው አንድ ሰው በራሱ ማሽን ላይ ለሚያስኬደው ትንሽ መሣሪያ ብቻ ነው።

ኤስኪውላይት በዚህ ረገድ ለብቻው መታየት አለበት። በመደበኛ ቅንብሩ «ሲሪያላይዝድ» በሚባል ሁኔታ ስለሚሠራ አንድን ኮኔክሽን ብዙ ትሬዶች ቢነኩትም አይበላሽም፤ ሆኖም ተራ በተራ ነው የሚያስተናግዳቸው። ለእያንዳንዱ ትሬድ የራሱን ኮኔክሽን ከሰጡና ለውጦችን አስቀድሞ በተለየ መዝገብ የሚጽፈውን የዋል ሁነታ ከከፈቱ፣ አንባቢዎች ጸሐፊውን ሳይጠብቁ ይሠራሉ። በአንድ ጊዜ መጻፍ የሚችለው ግን ምንጊዜም አንድ ብቻ ነው፤ ይህን የትኛውም ፑል አይለውጠውም።

ለእያንዳንዱ ትሬድ የራሱ ኮኔክሽን

ሁለተኛው መንገድ ለእያንዳንዱ ትሬድ አንድ ኮኔክሽን በትሬድሎካል (በትሬዱ የግል ማስቀመጫ) ማስያዝ ነው። እዚህ ላይ ሽሚያ ጨርሶ የለም። ትሬዶቹ ጥቂትና ቋሚ ለሆኑበት ሥራ፣ ለምሳሌ በስምንት ትሬዶች ሌሊት ለሚሠራ የሂሳብ ማጠቃለያ፣ ከዚህ የተሻለ የለም እላለሁ። ለድር አገልግሎት ግን አይሆንም። አራት ሰርቨሮች እያንዳንዳቸው 200 ትሬድ ቢኖራቸው 800 ኮኔክሽን ይከፈታል፤ የፖስትግሬስ መደበኛ ጣሪያ 100፣ የማይኤስኪውኤል ደግሞ 151 ነው። ጣሪያውን ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን ፖስትግሬስ ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን አንድ ሙሉ ፕሮሰስ ስለሚከፍት፣ ሽሚያው ከፕሮግራማችን ወጥቶ ወደ ዳታቤዙ ቤት ይገባል እንጂ አይጠፋም።

ፑሎቹ ሲነጻጸሩ

አብዛኛው ሰው የሚመርጠውና መምረጥም ያለበት ፑልን ነው። ፑል ጥቂት ኮኔክሽኖችን ከፍቶ ያቆያል፤ ትሬዱ ተውሶ ሥራውን ይጨርሳል፤ ከዚያም ይመልሳል። የተዋሰውን ኮኔክሽን ለጊዜው እርሱ ብቻ ስለሚጠቀምበት በድራይቨሩ ውስጥ ያለው የኮኔክሽኑ ሎክ ማንም የማይሻማበት ሎክ ይሆናል፤ ዋጋውም ከቁጥር የማይገባ ነው። የሚቀረው በመዋስና በመመለስ ቅጽበት ያለው የፑሉ የራሱ ሎክ ነው።

የአፓቼ ኮመንስ ዲቢሲፒ 1 ተከታታይ እትሞች ዋና ድክመት እዚህ ላይ ነበር። በመዋስም በመመለስም ጊዜ ፑሉን በሙሉ ይቆልፉ ስለነበር፣ የፕሮሰሰር ኮሮችና የትሬዶች ቁጥር ሲጨምር ፑሉ ራሱ ማነቆ ይሆን ነበር። ቶምካት ከተባለው የጃቫ የድር ሰርቨር ጋር የሚመጣው ጄዲቢሲ ፑል የተሠራበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። በ2014 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣው ዲቢሲፒ 2 ውስጡ እንደ አዲስ የተጻፈ ሲሆን፣ ሎኩን የሚይዘው ኮኔክሽኑን ከሰልፉ ለማንሳት ወይም ወደ ሰልፉ ለመመለስ ብቻ ነው፤ ይህም እጅግ አጭር ጊዜ ነው። ስለዚህ «ዲቢሲፒ ቀርፋፋ ነው» የሚለውን አሮጌ ወሬ በሁለተኛው እትም ላይ እንዳለ መለጠፍ ፍትሐዊ አይደለም። ስለ ዲቢሲፒ 2 የሚያሳስበኝ ነገር ሌላ ነው። መደበኛ ጣሪያው 8 ኮኔክሽን ነው፤ ኮኔክሽን ያጣ ትሬድም በመደበኛ ቅንብሩ ያለ ጊዜ ገደብ ይጠብቃል። ኮኔክሽን ሳይመልስ የሚቀር ኮድ ካለ ፕሮግራሙ ስህተት ሳይናገር ቀስ በቀስ ይደርቃል፤ ለሚመረምረው ሰውም የሎክ ሽሚያ ይመስለዋል። ይህን ፑል የሚጠቀም ሰው የመጠበቂያ ጊዜውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይወስን።

ሲ3ፒ0 ከሁሉም አንጋፋ ከሆኑት አንዱ ነው። ውስጡ በሲንክሮናይዝድ ኮድ፣ ማለትም በጃቫ ውስጥ ሎክ ተይዞ በሚሠራ ኮድ፣ የተሞላ ሲሆን፣ ኮኔክሽን የመክፈትና የመዝጋት ዓይነት ዘገምተኛ ሥራዎችን በመደበኛ ቅንብሩ ለሦስት ረዳት ትሬዶች ይተዋል። ሦስቱም ዳታቤዙ ላይ ተይዘው ከቀሩ «አፓረንት ዴድሎክ» የሚል ማስጠንቀቂያ በሎጉ ላይ ይጽፋል። ይህን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ የረዳቶቹን ቁጥር ይጨምራል፤ ምክንያቱ ግን ብዙውን ጊዜ በኔትወርኩ ወይም በድራይቨሩ በኩል ያለ መንጠልጠል ነው። በሲ3ፒ0 በደኅና የሚሠራ ነባር ሥርዓት ካለ አፍርሱት አልልም፤ ለአዲስ ሥራ ግን አልመርጠውም።

የቶምካቱ ፑል መካከለኛ ምርጫ ነው። ጠባቂዎችን በመጡበት ቅደም ተከተል የሚያስተናግድ ሰልፍ አለው፤ መደበኛ ጣሪያው 100 ኮኔክሽን፣ የመጠበቂያ ጊዜው 30 ሰከንድ ነው። 100 የሚለው ቁጥር ከፖስትግሬስ መደበኛ ጣሪያ ጋር እኩል መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ሁለተኛ ሰርቨር በተነሳ ዕለት ችግር ይመጣል።

ሂካሪሲፒ የሎክን ጉዳይ ከሥሩ ያሰበበት ነው። አንድ ትሬድ ኮኔክሽን ሲጠይቅ በመጀመሪያ ራሱ ቀደም ሲል የመለሳቸውን በትሬድሎካል ዝርዝር ውስጥ ይፈልጋል፤ ካጣ የጋራውን ዝርዝር ያስሳል፤ ነጻ የሆነውን የሚይዘውም ሎክ በመቆለፍ ሳይሆን የኮኔክሽኑን የሁኔታ ምልክት በመካከሉ ሊቋረጥ በማይችል አንድ የፕሮሰሰር ትእዛዝ በመለወጥ ነው። ሁለት ትሬዶች በአንዱ ላይ ቢጋጩ የተሸነፈው ቆሞ አይጠብቅም፤ ወደ ሚቀጥለው ያልፋል። ሁሉም የተያዙ ከሆነ ብቻ ከመላሹ እጅ በቀጥታ ለመቀበል ይሰለፋል። በመጋቢት 2018 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው ስፕሪንግ ቡት 2.0 (የጃቫ ፕሮግራም መሥሪያ ማዕቀፍ) የቶምካቱን ፑል ትቶ ሂካሪሲፒን መደበኛው አድርጓል። መደበኛ ጣሪያው 10 ኮኔክሽን ብቻ፣ የመጠበቂያ ጊዜውም 30 ሰከንድ ነው። ለአዲስ የጃቫ ሥራ ምርጫዬ እርሱ ነው። ሆኖም ከዲቢሲፒ 2 ወደ ሂካሪሲፒ በመቀየር ብቻ ተአምር የሚጠብቅ ሰው እንዳያዝን አስቀድሜ ልናገር። ጥያቄዎቹ በሚሊሰከንዶች የሚለኩ ከሆነ፣ በፑሉ ሎክ ላይ የሚተርፈው ጊዜ በማይክሮሰከንድ የሚቆጠር ስለሆነ በተጠቃሚው ዘንድ ላይታይ ይችላል።

የጎ ቋንቋ ተጠቃሚ የፑል ምርጫ የለበትም ማለት ይቻላል፤ የቋንቋው መደበኛ ላይብረሪ ፑሉን በውስጡ ይዟል። ፑሉ በአንድ ሎክ ይጠበቃል፤ ያ ሎክ ግን በኔትወርክ ጉዞ ላይ ስለማይያዝ አብዛኛውን ጊዜ ችግር አይሆንም። ችግር የሚሆነው መደበኛ ቅንብሩ ነው። የሚከፈቱት ኮኔክሽኖች ቁጥር ገደብ የለውም፤ ሥራ ፈተው እንዲቆዩ የሚፈቀድላቸው ግን ሁለት ብቻ ናቸው። ስለዚህ ጭነት ባለበት ሰዓት ኮኔክሽኖች ያለማቋረጥ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉም። ሁለቱን ቁጥሮች አቀራርቦ መወሰን ከማንኛውም የሎክ ማስተካከያ ይበልጥ ይጠቅማል።

ቨርቹዋል ትሬድ ያመጣው አዲስ መመዘኛ

በመስከረም 2023 የወጣው ጃቫ 21 ቨርቹዋል ትሬዶችን (ተሸካሚ በሚባሉ ጥቂት እውነተኛ ትሬዶች ላይ እየተፈራረቁ የሚሄዱ ቀላል ትሬዶችን) ሲያመጣ፣ ለዓመታት ማንንም ያልጎዳ ሎክ በድንገት ችግር ሆነ። ቨርቹዋል ትሬድ ኔትወርክ ሲጠብቅ ተሸካሚውን ትሬድ ለሌላ ሥራ ይለቅለታል፤ በሲንክሮናይዝድ ኮድ ውስጥ ሆኖ ሲጠብቅ ግን በጃቫ 21 ተሸካሚውን ይዞት ይቀራል። አሮጌዎቹ ድራይቨሮች ከዳታቤዙ ጋር የሚነጋገሩት በሲንክሮናይዝድ ኮድ ውስጥ ነበር። ሎኩን ማንም ባይሻማበት እንኳ፣ የተሸካሚዎቹ ቁጥር በመደበኛ ቅንብር ከፕሮሰሰር ኮሮች ቁጥር ጋር እኩል ስለሆነ፣ በአራት ኮር ማሽን ላይ አራት ዘገምተኛ ጥያቄዎች ፕሮግራሙን በሙሉ ሊያቆሙት ይችላሉ። «ሎኩን ይዞ ምን ይሠራል?» የሚለው ጥያቄ ክብደቱ የሚታየው እዚህ ነው።

ለዚህ ሁለት መውጫዎች አሉ። አንደኛው ድራይቨሩን ማሻሻል ነው። የፖስትግሬስ ጄዲቢሲ ድራይቨር በ2023 በወጣው 42.6.0 እትም፣ የማይኤስኪውኤሉ ኮኔክተር ጄ ደግሞ በ2024 በወጣው 9.0.0 እትም፣ ሲንክሮናይዝድን በሪኤንትራንትሎክ ተክተዋል። ሁለተኛው ጃቫን ራሱን ማሻሻል ነው፤ በመጋቢት 2025 የወጣው ጃቫ 24 ይህንን የመያዝ ችግር ከሥሩ ፈትቶታል። በጃቫ 21 ላይ መቆየት ያለበት ድርጅት የድራይቨሩን እትም ሳያረጋግጥ ቨርቹዋል ትሬድን እንዳይከፍት አጥብቄ እመክራለሁ። በተጨማሪም ቨርቹዋል ትሬድ ለአንድ ሥራ ተፈጥሮ የሚጠፋ ስለሆነ፣ የሂካሪሲፒ የትሬድሎካል ዝርዝር የሚሰጠው ጥቅም በዚያ አሠራር ይቀንሳል፤ ፍለጋው ወደ ጋራው ዝርዝር ያመዝናል።

በአንድ ኮኔክሽን ብዙ ጥያቄዎችን ማሳለፍ

አንዳንድ ዳታቤዞች የቀደመው መልስ ሳይመጣ ቀጣዩን ጥያቄ መላክ ይፈቅዳሉ። ሬዲስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጄዲስ የተባለው ላይብረሪ አንድን ኮኔክሽን ለአንድ ትሬድ ስለሚሰጥ ፑል ያስፈልገዋል። ሌተስ ግን አንድ ኮኔክሽን ለሁሉም ትሬዶች አጋርቶ፣ ጥያቄዎቹን በቅደም ተከተል ይልካል፤ መልሶቹንም በመጡበት ቅደም ተከተል ለባለቤቶቻቸው ያድላል። ከላይ ከነቀፍነው የአንድ ኮኔክሽን አማራጭ የሚለየው፣ ማንም ትሬድ መልስ እስኪመጣ ድረስ ሌሎቹን አያግድም፤ ተራ የሚጠበቀው ጥያቄውን ወደ መላኪያው ለማስገባት ብቻ ነው። ለአጫጭር የማንበብና የመጻፍ ጥያቄዎች ሌተስ ይመረጣል። ነገር ግን መልሱ እስኪገኝ የሚያግዱ ትእዛዞች ወይም ትራንዛክሽን ካሉ፣ አንዱ የሌሎቹን ሁሉ መንገድ ስለሚዘጋ ወይም ትእዛዞቹ ስለሚደባለቁ፣ ለእነርሱ የተለየ ኮኔክሽን ወይም ጄዲስ ከነፑሉ ያስፈልጋል።

ሎክ የሚመስለው የኮኔክሽን እጥረት

በአንድ ወቅት በሠራሁበት ሥርዓት ላይ ጭነት በጨመረ ቁጥር ፕሮግራሙ ለ30 ሰከንድ ያህል ደርቆ ይቆም፣ ከዚያም ስህተቶችን አዝንቦ መተንፈስ ይጀምር ነበር። የሎክ ሽሚያ ነው ብለን ፑሉን በሌላ ቀየርን፤ ምንም አልተለወጠም። በመጨረሻ የተገኘው ምክንያት፣ እያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ኮኔክሽን እንደያዘ የቁጥጥር መዝገብ ለመጻፍ ሁለተኛ ኮኔክሽን ይጠይቅ የነበረ መሆኑ ነው። አሥር ትሬዶች አሥሩን ኮኔክሽኖች ሲይዙ ሁሉም ሁለተኛውን ይጠብቃሉ፤ ማንም አይለቅም። የ30 ሰከንዱ ገደብ ሲያልቅ በስህተት ወድቀው ስለሚለቁ ነው እንደገና የሚነሳው።

የሂካሪሲፒ አዘጋጆች ለእንዲህ ያለው መቆላለፍ ቀመር ያስቀምጣሉ፤ የትሬዶቹን ቁጥር፣ አንዱ ትሬድ በአንድ ጊዜ ከሚይዛቸው ኮኔክሽኖች ላይ አንድ ቀንሶ ማባዛትና በውጤቱ ላይ አንድ መጨመር ነው። ለአሥር ትሬዶችና ለሁለት ኮኔክሽኖች 11 ይመጣል። በስፕሪንግ ቡት ውስጥ ያለው ቶምካት ግን በመደበኛ ቅንብሩ እስከ 200 ትሬድ ስለሚከፍት ቀመሩ 201 ኮኔክሽን ይጠይቃል፤ ይህ ደግሞ ዳታቤዙን ማስጨነቅ ነው። ትክክለኛው እርማት ሁለተኛውን ኮኔክሽን ማስቀረት፣ ማለትም መዝገቡን በዚያው ትራንዛክሽን ውስጥ ወይም ዋናው ሥራ ካለቀና ኮኔክሽኑ ከተመለሰ በኋላ መጻፍ ነው።

ለመደበኛ ሥራ የፑሉ መጠን የሚገመተው በሰከንድ የሚመጡትን ጥያቄዎች እያንዳንዱ ኮኔክሽን ይዞ በሚቆይበት ጊዜ በማባዛት ነው። በሰከንድ 400 ጥያቄ ቢመጣና እያንዳንዱ ኮኔክሽኑን ለ20 ሚሊሰከንድ ቢይዝ፣ በአማካይ 8 ኮኔክሽን ሥራ ላይ ይሆናል፤ ለማዕበል ጊዜ ጥቂት ጨምሮ 12 ወይም 15 መክፈት ይበቃል። በዳታቤዙ በኩል ያለው ሌላው የታወቀ መነሻ የኮሮችን ቁጥር በሁለት አባዝቶ የዲስኮቹን ቁጥር መጨመር ሲሆን፣ ይህ ለሁሉም ሰርቨሮች ድምር እንጂ ለአንዱ ብቻ አይደለም። ሰርቨሮቹ በዝተው ድምሩ ከዚህ እጅግ የሚያልፍ ከሆነ፣ በመካከል ፒጂባውንሰር የተባለውን የፖስትግሬስ ኮኔክሽን አጋሪ በትራንዛክሽን ሁነታ ማስገባት ፑሎቹን እያሳነሱ ከመታገል ይሻላል፤ ቀድሞ የተዘጋጁ ትእዛዞችን በዚህ ሁነታ ለመጠቀም ግን እትሙ 1.21 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ መሆን አለበት።

የትኛውም ለውጥ ከመደረጉ በፊትና በኋላ ሁለት ጊዜያት ተለይተው ይመዝገቡ፤ ኮኔክሽን ለማግኘት የተጠበቀው ጊዜና ኮኔክሽኑ ተይዞ የቆየበት ጊዜ። ሂካሪሲፒ ሁለቱንም ለመለኪያ መሣሪያዎች ያወጣቸዋል፤ በጎ ደግሞ ከ1.11 እትም ጀምሮ የጠበቁት ጥያቄዎች ቁጥርና የጠበቁበት ጠቅላላ ጊዜ ከፑሉ ይነበባሉ። የመጀመሪያው ከፍ ብሎ ሁለተኛውም አብሮ ከረዘመ፣ መመርመር ያለበት ኮዱ ኮኔክሽኑን ይዞ የሚሠራው ሥራ ነው። ሁለተኛው አጭር ሆኖ፣ ነጻ ኮኔክሽኖችም እያሉ የመጀመሪያው ከረዘመ ግን፣ ያን ጊዜ ፑሉን መቀየር ተገቢ ነው።